እስኪያባራ አይጠብቁ፦ ለኬቺካን ጉዞ የሚሆን መመሪያ

ከሲያትል ተነስቶ ወደ አላስካ በሚጓዝ የመዝናኛ መርከብ ላይ ቦታ ከያዙ፣ ኬቺካን ላይ መውረድዎ አይቀርም ማለት ይቻላል። ከስምንት ሺህ ጥቂት ከፍ የሚል ሰው የሚኖርባት፣ በተራራና በባሕር መካከል ተጣብቃ በደሴት ዳር የተዘረጋች ቀጭን ከተማ ናት። ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም። በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ካልሆነ አይደረስባትም፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ቢሆን ማዶ ግራቪና ደሴት ላይ ስለሆነ ከዚያ ወደ ከተማው በጀልባ መሻገር ያስፈልጋል።

ኬቺካንን ከሌሎቹ ወደቦች የሚለያት ዝናቧ ነው። በዓመት 3,800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጥልባታል፤ የአዲስ አበባው ከ1,200 ብዙም አይርቅም። በ1949 ደግሞ ከ5,100 ሚሊ ሜትር በላይ ወርዶባታል። ይህ ቁጥር ወደቡ አጠገብ በቆመ ትልቅ የዝናብ መለኪያ ሰሌዳ ላይ ስለሰፈረ፣ ከመርከብ የሚወርደው እንግዳ ሁሉ ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። የከተማው ሰዎች ዝናቡን «ፈሳሽ ፀሐይ» እያሉ ይቀልዱበታል።

የእኛ አገር ሰው ዝናብ አያውቅም አይባልም። ግን አብዛኞቻችን ያደግንበት የክረምት ዝናብ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ፣ አጉረምርሞ፣ ዶፉን አውርዶ የሚያባራ ነው። ስለዚህ ልማዳችን መጠለል ነው፤ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆመን እያወራን እንጠብቀዋለን። ኬቺካን ላይ ይህ ልማድ ቀንዎን ይበላዋል። እዚያ ነጎድጓድ እምብዛም አይሰማም፤ ጠዋት በካፊያ የጀመረው እየጠነከረና እየሳሳ እስከ ማታ ሊዘልቅ ይችላል። መርከቡ ደግሞ ወደቡ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ስለዚህ ጉዞውን «ዝናብ ከዘነበ ምን እናደርጋለን?» ብለው አያቅዱ። እንደሚዘንብ ቆጥረው ያቅዱና፣ ካልዘነበ እንደ ጉርሻ ይውሰዱት።

መጀመሪያ ወረቀትዎን ይፈትሹ

ከልብስም ከሽርሽርም በፊት ይህ ይቅደም። ብዙ ሰው «አላስካ አሜሪካ አይደለ እንዴ? ፓስፖርት ምን ያደርጋል?» ይላል። አላስካ አሜሪካ ናት፤ ነገር ግን ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ ናቸው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የውጭ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ያሳፈራቸውን መንገደኞች የሌላ አገር ወደብ ሳይነካ አዙሮ እንዲመልስ አይፈቅድም። ስለዚህ ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች መንገድ ላይ ካናዳ ይገባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቪክቶሪያ ላይ ለጥቂት የምሽት ሰዓታት ይቆማሉ። ያቺ አጭር ቆይታ ናት የወረቀቱን ጣጣ የምታመጣው።

የአሜሪካ ዜግነት ካለዎት ነገሩ ቀላል ነው። ሕጉ ከሲያትል ተነስቶ ወደ ሲያትል ለሚመለስ ጉዞ የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያም ሊቀበል ይችላል፤ እኔ ግን ፓስፖርት ያዙ እላለሁ፤ ምክንያቱን ሰዓት ላይ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።

ግሪን ካርድ ያለዎት ከሆነ ወደ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግዎትም። ነገር ግን ግሪን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ ከ2022 ጀምሮ ጊዜው ያላለፈበት የአገርዎ ፓስፖርትም አብሮ ይጠየቃል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ግሪን ካርድ ከያዝን በኋላ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችንን መሳቢያ ውስጥ የምንረሳ ብዙዎች ነን፤ ማሳደሱ ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ለመርከቡ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት መሳቢያውን ከፍተው ቀኑን ይዩ።

ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ይዘው ለመሄድ ካሰቡ፣ በጉብኝት ቪዛ የገባ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል። «እናቴ ከመርከቡ አትወርድም፣ ካቢኗ ውስጥ ትተኛለች» የሚለው መልስ አይሠራም፤ የመርከብ ድርጅቶቹ ሰነዱ ያልተሟላለትን ሰው ገና ሲያትል ላይ ሳያሳፍሩ ይመልሳሉ። የአሜሪካ ቪዛቸውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ከካናዳ መመለሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

የጥገኝነት ኬዝዎ ገና ካልተወሰነ ይህን መርከብ ይተዉት። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ የወጣ አመልካች ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል፤ ለሁለት ሰዓት የቪክቶሪያ ሽርሽር ተብሎ የዓመታት ልፋት አይጣልም። ጥገኝነቱ ተፈቅዶልዎ ግሪን ካርዱ ያልደረሰ ከሆነም፣ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሳያወጡና ካናዳ ቪዛ ትጠይቀኝ እንደሆነ ሳያጣሩ አይነሱ።

ወረቀቱ አልሟላ ያለው ሰው ኬቺካንን ሳያይ ይቅር ማለት አይደለም። ከሲያትል ወደ ኬቺካን በቀጥታ የሚበር የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ካናዳን አይነካም። እንዲያውም ከመርከቡ ግርግር ተላቀው ሁለት ሌሊት ማደር ለሚፈልጉ ከሁሉም የተሻለው አማራጭ ይህ ይመስለኛል። ጊዜ ያለው ደግሞ ከሲያትል በስተሰሜን ካለችው ቤሊንግሃም የአላስካ ግዛት በሚያስተዳድረው የሕዝብ መርከብ ተሳፍሮ ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ ኬቺካን ይወርዳል።

ወሩን መምረጥ

የመርከቦቹ ወቅት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። በንጽጽር ዝናቡ የሚቀንሰው በጁንና በጁላይ ሲሆን፣ ይህም ሲባል በወር 180 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኦክቶበር ወደ 500 ይጠጋል። በጁላይ የቀኑ ሙቀት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሜይና ሴፕቴምበር ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል።

እኔ ብመርጥ ኦገስትን እመርጣለሁ። ዝናቡ ከጁላይ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሳልመን ዓሣዎቹ ከባሕር ወደተወለዱበት ወንዝ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። በከተማው መካከል በሚያልፈው ወንዝ ላይ ከድልድዩ ሆነው ወደታች ሲያዩ ውኃው በዓሣ ጠቁሮ ይታያል። ሄሪንግ ኮቭ በምትባለው የደቡብ ዳርቻ ጥቁር ድቦች ዓሣ ሊያጠምዱ የሚወርዱትም በዚሁ ሰሞን ነው። ሽታው ግን አይጣል ነው፤ እንቁላላቸውን ጥለው የሞቱት ዓሣዎች ወንዙ ዳር ይበሰብሳሉ። አፍንጫው ስስ የሆነ ሰው በጁን ይሂድ።

ለሚጾም ሰው ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ በትክክል ሳልመኑ በሚበዛበት ሰሞን ይውላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህራኑ ትቼ፣ የማይበሉ ከሆነ የዓሣ ዋና ከተማ ነኝ በምትል ወደብ ዓሣ ሳይቀምሱ እንደሚመለሱ አስቀድመው ይወቁት። ሰኔ ውስጥ የሚሄዱም የሐዋርያትን ጾም በካላንደር ይመልከቱ።

የሚለበሰው

ጋቢዎን ካቢን ውስጥ ይተዉት። መርከቡ ሰገነት ላይ ማታ ደርበውት ቢቀመጡ የሚያህለው የለም፤ ኬቺካን መንገድ ላይ ግን ጥጥ ጠላትዎ ነው። ጥጥ ውኃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ በዚያ እርጥብ አየር ውስጥ አይደርቅም፤ ቀዝቃዛው ውኃ ሰውነትዎ ላይ እንደተለጠፈ ይውላል። ጂንስ ሱሪም እንዲሁ ነው፤ ከጉልበት በታች አንዴ ከረጠበ ለቀሪው ቀን እንደረጠበ ነው።

በቂው ልብስ ይህ ነው፦ ከሥር ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ካናቴራ፣ በላዩ ቀጭን ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ ፈጽሞ የማያሳልፍ ኮፍያ ያለው ጃኬት። «ውኃ ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለካፊያ እንጂ ለሰዓታት ዝናብ አይሆንም፤ ገዝተው ሲመጡ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሻወር ከፍተው አምስት ደቂቃ ቢፈትኑት ይሻላል። ሱሪውን የሚሸፍን ቀጭን የዝናብ ሱሪ ብዙዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን ከጃንጥላ አስቀድመዋለሁ።

የጃንጥላ ነገር ከተነሳ፣ ይዘው ቢሄዱ የሚከለክልዎ የለም። ግን ባሕሩ ላይ ነፋስ ሲነሳ ዝናቡ ወጨፎ ሆኖ ከጎን ይመጣል፤ ከአምስት መርከብ የወረደ ሕዝብ በጠባብ የእንጨት ርብራብ ላይ ሲተላለፍ ደግሞ ጃንጥላ ዓይን ያወጣል። የአገሬው ሰው ጃንጥላ ሲይዝ እምብዛም አይታይም፤ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ኤክስትራታፍ የሚባለውን ቡናማ የጎማ ቦት ተጫምቶ ይሄዳል። እርስዎ ለአንድ ቀን ብለው ቦት መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ ይበቃል። ርብራቡ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት በተለይ ለአዛውንቶች ከጫማው ሶል በላይ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር የለም። ተጨማሪ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ።

ለሴቶች አንድ ምክር ልጨምር፤ ፀጉርዎን ለጉዞው ብለው የሚያስተኩሱ ከሆነ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። ሹሩባ ተሠርተው ይሂዱ።

ሦስቱ ሰዓቶች

የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። ስልክዎ መሬት ሲረግጡ በራሱ ይቀየር ይሆናል፤ መርከቡ ግን በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስነው ካፒቴኑ ነው። ከመውረድዎ በፊት «የመርከቡ ሰዓት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና በእጅ ሰዓትዎ ላይ እሱን ይሙሉ። ስልክዎን አይመኑ። ሦስተኛው ሰዓት የእኛው ነው። እናትዎን «በ3:30 ወደ መርከብ እንመለሳለን» ካሏቸው የጠዋቱን ሦስት ሰዓት ተኩል ሊያስቡ ይችላሉ። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ብለው በእሳቸው አቆጣጠር ይንገሯቸው፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ኪሳቸው ቢከቱላቸው የበለጠ ይሻላል።

የመጨረሻው የመሳፈሪያ ሰዓት መርከቡ ከሚነሳበት ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ይቀድማል። ራስዎ ባዘጋጁት ሽርሽር ከዘገዩ መርከቡ ጥሎዎት ይሄዳል። ያን ጊዜ በጀልባ ተሻግሮ፣ አውሮፕላን ፈልጎ፣ ቀጣዩ ወደብ ላይ መቀላቀል ነው፤ ቀጣዩ ወደብ ቪክቶሪያ ከሆነ ደግሞ ያለ ፓስፖርት ወደ ካናዳ መብረር የለም። ቅድም ፓስፖርት ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። በመርከቡ በኩል በተገዛ ሽርሽር ላይ ከዘገዩ ግን ኃላፊነቱ የድርጅቱ ስለሆነ ወይ ይጠብቁዎታል ወይ ያደርሱዎታል።

አንድ ነገር ደግሞ ገና ቤትዎ ሳሉ ያጣሩ፤ መርከብዎ የሚቆመው የት ነው? አንዳንዶቹ መሐል ከተማ ይቆማሉ፤ ከደረጃው እንደወረዱ ከተማው ውስጥ ነዎት። ሌሎቹ፣ በተለይ የኖርዌጂያን ድርጅት መርከቦች፣ ከከተማው በስተሰሜን 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለች ዋርድ ኮቭ በምትባል ወደብ ይቆማሉ። እስከ 1997 ድረስ ትልቅ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ነው። ነጻ አውቶቡስ ያመላልሳል፤ ግን ሰልፉን ጨምሮ በሄዱበትም በመጡበትም የሚወስደውን ጊዜ ከቀንዎ ይቀንሱ። ጠዋት ገብተው እኩለ ቀን ላይ የሚወጡ መርከቦችም ስላሉ፣ «ሙሉ ቀን አለን» ብለው ከመነሳትዎ በፊት ፕሮግራሙን ያንብቡ።

ቀኑን መሙላት

መርሁ አጭር ነው፦ አንድ ራቅ ያለ ነገር፣ አንድ ቅርብ ነገር። ሦስተኛ ሲጨምሩ ሁሉንም በሩጫና በርጥበት ያዩታል።

ለራቅ ያለው የማስቀድመው የቶተም ምሰሶዎቹን ነው፤ ዝናብ አያበላሻቸውም፣ እንዲያውም የዝግባው እንጨት ሲረጥብ ቀለሙ ይደምቃል። ቶተም የትሊንጊት፣ የሃይዳና የሲምሺያን ሕዝቦች ከአንድ ትልቅ ግንድ የሚጠርቡት ረጅም ምሰሶ ነው። ንስር፣ ቁራ፣ ድብ፣ ዓሣ ነባሪ አንዱ በሌላው ላይ ተቀርጸውበት ይታያሉ። የቀድሞ ሚሲዮናውያን ጣዖት ነው ብለው ስላወገዙት ዛሬም እንደዚያ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ የሚመለክበት አልነበረም። የጎሳን ምልክት፣ የቤተሰብን ታሪክ፣ የሟችን መታሰቢያ የሚይዝ ነው። የኮንሶን ዋካ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ምሰሶዎቹን የሚያዩበት ሦስት ቦታ አለ። ሳክስማን ከከተማው በስተደቡብ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የትሊንጊት መንደር ነው፤ የጠራቢዎቹ ወርክሾፕም እዚያው ስላለ ዕድል ከቀናዎ ሥራ ላይ ያገኟቸዋል። ከምሰሶዎቹ አንዱን ሳያዩ አይመለሱ። በ1867 አላስካን ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የገዛው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊልያም ሴዋርድ፣ በ1869 ወደዚህ አገር ሲመጣ የትሊንጊት አለቃ ደግሶና ስጦታ ሰጥቶ ተቀበለው። እንደ አገሩ ባህል ብድሩ ይመለሳል፤ ሴዋርድ ግን ሳይመልስ ቀረ። እነሱም ምስሉን ቀርጸው ጆሮውንና አፍንጫውን ቀይ ቀብተው አቆሙት፤ ቀዩ የስስታምነት ምልክት ነው። ይህ የውርደት ምሰሶ ይባላል። የድሮው ሲያረጅ ሌላ እየተቀረጸ ተተክቷል፤ ብድሩ አሁንም አልተከፈለማ።

ቶተም ባይት በሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ የግዛቱ ፓርክ ነው። ጫካው ውስጥ አጭርና የተደለደለ መንገድ አለው፤ መጨረሻው ባሕር ዳር የቆመ የጎሳ ቤት ነው። በ1938 የጀመረ የመንግሥት ፕሮግራም ነዋሪዎቻቸው ትተዋቸው ከሄዱ መንደሮች የፈራረሱ ምሰሶዎችን እያሰባሰበ፣ የአገሬውን ጠራቢዎች ቀጥሮ ያስጠገነበትና በአዲስ ያስቀረጸበት ቦታ ነው። የከተማው አውቶቡስ ወደ ሳክስማንም ወደ ቶተም ባይትም ይሄዳል፤ ከቡድን ሽርሽር ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ የመመለሻውን ሰዓት ብቻ ሳይዩ አይውረዱ። ሦስተኛው የቶተም ቅርስ ማዕከል ነው፤ ከወደቡ በእግር ይደረሳል፣ በጋ ላይም መሐል ከተማውን የሚዞረው ነጻ አውቶቡስ ደጁ ያቆማል። ጣሪያ ሥር የተጠበቁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምሰሶዎች ያሉት እዚህ ነው። ቀለማቸው ለቋል፣ እንጨቱ ተሰንጥቋል፤ ለእኔ ግን ከአዲሶቹ ይልቅ እነሱ ይበልጡብኛል። ዝናቡ ዶፍ ከሆነና አዛውንት ከያዙ ሌላውን ትተው ወደዚህ ይሂዱ።

አሁን ወደ ውዱ ነገር። ኬቺካን ላይ በብዛት የሚሸጠው ሽርሽር ከውኃ ላይ ተነስቶ ውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ሚስቲ ፊዮርድስ የሚባለውን ገደላማ የባሕር ሸለቆ ማየት ነው። አየሩ ከፈቀደ እውነትም ልብ የሚሰርቅ አገር ነው። አየሩ ግን ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። በ2015 የመርከብ መንገደኞችን የያዘ አንድ አውሮፕላን በጉም ውስጥ ተራራ መትቶ ዘጠኝ ሰው አልቋል፤ የአደጋ መርማሪዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ መንገደኞቹን ለመርከቡ ሰዓት የማድረስ ጥድፊያ ነበር። ስለዚህ ለመብረር ከወሰኑ ሁለት ነገር ያድርጉ። በአየር ምክንያት ሲሰረዝ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ በጽሑፍ ያረጋግጡ። አብራሪው «ዛሬ አይሆንም» ካለ ደግሞ አይለምኑት፤ አመስግነው ወደ ሳክስማን ይሂዱ። በረራውን መርከቡ ሊነሳ ሲል ባለው የመጨረሻ ሰዓት ላይም አያስይዙት።

ቅርብ የሆነው ነገር ክሪክ ስትሪት ነው። ከወንዙ በላይ በምሰሶ ላይ የቆሙ ባለ ቀለም የእንጨት ቤቶች በርብራብ መንገድ ተያይዘው ይታያሉ። ዛሬ ሱቅ ናቸው፤ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ግን የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ነበር፤ ዶሊ የተባለችው የአንዷ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ልጆችና ወላጆች ይዘው ከሆነ ገብቶ ለማስረዳት ይዘጋጁ፤ ወይም በውጭ አይተው ይለፉ። በኦገስት ዓሣው የሚታየው ከዚህ ድልድይ ላይ ነው፤ ወንዙን ተከትለው ትንሽ ሽቅብ ሲወጡ፣ ዓሣዎቹ ፏፏቴውን እንዲያልፉ የተሠራላቸውን ደረጃ እየዘለሉ ሲወጡ ያያሉ። ከርብራቡ ሽቅብ ወደ ሆቴል የምትወስድ ባለ ሐዲድ ትንሽ ሊፍት አለች፤ ጉልበት ላመማቸው ሰዎች እላይ በመስኮት ወደቡን እያዩ ሻይ መጠጣት ጥሩ ማረፊያ ነው።

የእንጨት ቆራጮቹን የመጥረቢያ ውድድር ትርኢት ብዙ ሰው ያየዋል። መቀመጫው ጣሪያ አለው፤ ልጆች ይወዱታል። ለሌላው ሰው መዝለሉ አይጎዳውም።

መብላትና መግዛት

መርከቡ ላይ ጾመኛ ከሆኑ ገና ቦታ ሲይዙ ይንገሩ። ስለ ጾሙ ሥርዓት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «ቪጋን» ካሏቸው ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ዓሣም እንደማይቀርብልዎ ይገባቸዋል። ከቤት የተሠራ ወጥ ማስገባት አይፈቀድም፤ ታሽጎ የተሸጠ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ግን ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ሲያትል ውስጥ የሐበሻ ሱቅ ስለማይጠፋ ከመሳፈርዎ በፊት ያሟሉ። ትንሽ ሚጥሚጣ ቢጨምሩ በአምስተኛው ቀን ራስዎን ያመሰግናሉ። ከመርከቡ ሲወርዱ ግን ፍራፍሬም ሆነ ሥጋ ይዘው አይውረዱ፤ በተለይ ካናዳ ላይ።

ከተማው ውስጥ የሚበላው ዓሣ ነው፤ ሳልመን ወይም ነጭ ሥጋ ያለው ሃሊበት። በምሳ ሰዓት ወደቡ አጠገብ ያሉት ቤቶች ስለሚጨናነቁ ትንሽ ቀደም ብለው ይግቡ።

ከወደቡ ፊት ለፊት የተደረደሩት የጌጣጌጥ ሱቆች ብዛት ያስገርምዎታል። አልማዝ ፍለጋ አላስካ አይኬድም። ብዙዎቹ ከመርከቦቹ ጋር መጥተው ከመርከቦቹ ጋር የሚዘጉ ናቸው። ገንዘብዎ ለአገሬው ሰው እንዲደርስ ከፈለጉ ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ባለቤቱ የከተማው ነዋሪ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ በሩ ላይ ይፈልጉ። ቅርጻ ቅርጽ ሲገዙ የብር እጅ ምስል ያለበት መለያ ካለው፣ የአላስካ ተወላጅ በእጁ እንደሠራው ግዛቱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ውጭ አገር ተመርቶ በተወላጅ ስም የሚሸጥ ሐሰተኛ ዕቃ ስላለ «ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛው ሻጭ የጠራቢውን ስም ይነግርዎታል።

ስለ ተራራው

ከከተማው ጀርባ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዲር ማውንቴን ቆሟል። የከተማው ሰዎች፣ ጫፉ ካልታየ እየዘነበ ነው፣ ከታየ ደግሞ ሊዘንብ ነው ይላሉ። የሚወጣበት የእግር መንገድ አለው፤ ግን ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለመርከብ ቀን አይመከርም። ዝናቡም ቀልድ ብቻ አይደለም፤ በኦገስት 2024 ከዝናብ በኋላ ከከተማው በላይ ያለው ገደል ተንዶ ቤቶች አፍርሷል፣ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ከባድ ዝናብ በተከታታይ ሲጥል የተዘጋ መንገድ ወይም ማስጠንቀቂያ ካዩ አይለፉት።

ይህን ሁሉ አንብበው «እኔስ ርጥበት አልችልም» ካሉ ከመርከቡ አይቅሩ፤ ሽርሽርዎን ብቻ ወደ ሌላ ወደብ ያዛውሩት። ብዙዎቹ መርከቦች የሚቆሙባት ስካግዌይ ዝናቡን ተራሮች ስለሚከልሉላት በዓመት የምታገኘው 700 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሽርሽር ገንዘብዎን እዚያ ያውሉት፤ ኬቺካን ላይ ለክሪክ ስትሪትና ለቶተም ቅርስ ማዕከል ሦስት ሰዓት ይበቃዎታል።